ከውሻ አንገት ማሰሪያ እስከ ወፎች መጽሐፍ፤ የቀራጺው የቶማስ ቢዊክ ሕይወትና ሥራ

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርብላችሁ ሰው ጦር ያልመራ፣ ዙፋን ላይ ያልወጣ፣ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጠ የእጅ ባለሙያ ነው። ቶማስ ቢዊክ ይባላል፤ እንግሊዛዊ ነው። ሥራው በእንጨት፣ በመዳብ፣ በብርና በብረት ላይ መቅረጽ ነበር። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ታዲያ የዚህ ሰው ነገር ለእኛ ለሠልጣኞችና ለመምህራን ምን ይረባናል የሚል ቢኖር፣ እጁ ላይ ያለውን ማንኛውንም የሕፃናት ንባብ መጽሐፍ ይግለጥ። ከጽሑፉ ጎን፣ በዚያው ገጽ ላይ፣ ላሟ ወይም ወፏ ተሥላ ያገኛታል። ሥዕልና ጽሑፍ እንዲህ በአንድ ገጽ ላይ ባነሰ ወጪ፣ ያውም በጥራት፣ አብረው እንዲታተሙ ካደረጉት ሰዎች መካከል ቢዊክ ከፊተኞቹ አንዱ ነው። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቢዊክ የተወለደው በኦገስት ወር 1753 በሰሜን እንግሊዝ፣ በኖርዘምበርላንድ አውራጃ፣ በታይን ወንዝ አጠገብ ቼሪበርን በተባለች የገጠር ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ጭሰኛ ገበሬ ሲሆን በተጨማሪም አነስተኛ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ያሠራ ነበር። ቶማስ ከስምንት ልጆች የመጀመሪያው በመሆኑ ከብት መጠበቁም፣ በበረዶ ወራት ለበጎች መኖ ማድረሱም የሱ ፋንታ ነበር። እንስሳትን ማወቅ የጀመረው እንግዲህ በመጽሐፍ ሳይሆን በበረትና በሜዳ ነው።

ትምህርቱን በአቅራቢያው ባለው በኦቪንጋም መንደር፣ ግሬግሰን በሚባሉ ቄስ እጅ ተማረ። ተማረ ስንል ግን አንዋሽ፤ ላቲን ሲባል ሆዱን የሚያመው፣ ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ወንዝ ለወንዝ የሚውል ልጅ ነበር። የሒሳብ ሥራውን ቶሎ ይጨርስና በሰሌዳው ላይ የተረፈውን ባዶ ቦታ ሁሉ በሥዕል ይሞላዋል። ሰሌዳው ሲሞላ ወደ መጽሐፉ ጠርዝ ይሄዳል። የመጽሐፉ ጠርዝ ሲሞላ ደግሞ ጠመኔ ይዞ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ንጣፍና በመቃብር ድንጋዮች ላይ ይሥላል። ማታ ማታም የእሳቱ ወላፈን ፊቱን እየለበለበው በምድጃው ድንጋይ ላይ ይቀጥላል። ሥዕል ያስተማረው ሰው የለም። ያያቸው ሥዕሎች ቢኖሩ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተሰቀለው የንጉሡ አርማና የመጠጥ ቤቶች ምልክት ሰሌዳዎች ብቻ ናቸው። አባቱም መምህሩም ይህን እንደ ሥራ ፈትነት ቆጥረው ይገሥጹት ነበር። በኋላ ግን ወረቀት የሚሰጠው ወዳጅ ተገኘ፤ በብዕርና በቀለም፣ ቀለም ሲጠፋም በእንጆሪ ጭማቂ እየሣለ ለጎረቤት ገበሬዎች ግድግዳ የሚሆን የአደን ሥዕል እስከማዘጋጀት ደረሰ። ከመካከላችን በደብተሩ ጠርዝ ላይ ሥዕል የሣለ ተማሪ አስነሥተን ያቆምን ስንቶቻችን እንሆን?

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1767፣ ኒውካስል ከተማ ውስጥ ለሚገኝ ራልፍ ቤይልቢ ለሚባል ቀራጺ በሙያ ተለማማጅነት ለሰባት ዓመት ተፈራርሞ ገባ። ለእኛ የሚገርመን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኒውካስል የድንጋይ ከሰል ወደብ ናት፤ መርከብ የሚመላለስባት፣ የመስታወትና የብረት ሥራ የሚካሄድባት፣ ነጋዴ የበዛባት ከተማ። ቤይልቢ ደግሞ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ እሺ ባይ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ልጅ ያልሠራው ነገር የለም። የጠርሙስና የትምባሆ ፒፓ ማምረቻ ቅርጽ፣ የናስ ሰዓት ፊት፣ የበር ላይ ስም፣ የሬሳ ሣጥን ላይ የሚለጠፍ ስም፣ የመጽሐፍ ጠራዦች ማኅተም፣ በሐዘን ጊዜ የሚደረግ ቀለበት፣ በብር ማንኪያና ገበታ ላይ የባለጸጎች የቤተሰብ ምልክት፣ የነጋዴ ደረሰኝ አናት፣ የውሻ አንገት ማሰሪያ ላይ የጌታው ስም፣ ሁሉም በእጁ አልፏል። የብረት ማኅተም መፈልፈል እንዲያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። የልጁ እጅ እንደ አንጥረኛ እጅ ወፍሮና ጠጥሮ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ መምህር ሱቁ መጣ። ቻርልስ ሃተን ይባላል። የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጅ ሆኖ፣ በልጅነቱ ራሱም ጉድጓድ ገብቶ የሠራ፣ በኋላ ግን ኒውካስል ውስጥ የሒሳብ ትምህርት ቤት ከፍቶ የሚያስተምር ሰው ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዉሊች የጦር አካዳሚ ፕሮፌሰር እስከመሆን ደርሷል። ሃተን ስለ ስፋትና ይዘት ልኬት አንድ ትልቅ የሒሳብ መጽሐፍ እያዘጋጀ ነበርና ሦስት ማዕዘኑ፣ ክቡ፣ ሾጣጣው ሁሉ ከማብራሪያው ጎን እንዲታተምለት ፈለገ። ቤይልቢ የእንጨት ሥራ አይወድም፤ አይሆንለትምም። እንግዲያው ይህ ለልጁ ይሁን ብሎ ሰጠው። ከ1768 እስከ 1770 በክፍል በክፍል የወጣው የዚያ መጽሐፍ ምስሎች ለቢዊክ የመጀመሪያው ቁም ነገር ያለው የእንጨት ሥራ ሆኑ። መስመሮቹ ቀጥና እኩል እንዲሆኑለትም ሁለት ጫፍ ያለው መቅረጫ ራሱ ፈለሰፈ። የዓለም ታላቅ የእንጨት ቀራጺ መነሻው የሒሳብ መምሪያ መጽሐፍ ነው ስንል ማጋነን አይሆንብንም።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው ጥቂት ማብራራት ይኖርብናል፤ ያለዚያ የሰውየው ትልቅነት አይገባንም። በመዳብ ላይ ሲቀረጽ ቀለሙ የሚገባው በተፈለፈለው ቦይ ውስጥ ነው። ገጹ ይወለወልና፣ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ ሲሊንደር ተጨፍልቆ ይወጣል። የማተሚያ ፊደል ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀለም የሚይዘው ከፍ ብሎ በወጣው ገጹ ላይ ነው። በዚህ የተነሣ የመዳብ ሥዕልና ፊደል ባንድ ጊዜ አይታተሙም። ሥዕሉ ለብቻው በሌላ ማተሚያ፣ ብዙውን ጊዜም በሌላ ወረቀት ይወጣል፤ ወጪውም ይጨምራል። እንጨት ግን እንደ ፊደሉ ነው። ቁመቱ ከፊደሉ ጋር እኩል ተደርጎ ከተቆረጠ፣ ፊደል ለቃሚው ከፊደሎቹ መካከል ሰክቶት ባንድ ምት ሁለቱም ይወጣሉ።

ይህ ከቢዊክ በፊትም ይታወቅ ነበር። ችግሩ የእንጨቱ ሥዕል ሻካራ መሆኑ ነው። በሣንቃ ላይ በቢላ ስለሚቆረጥ ቀጭን መስመር አይወጣለትም፤ የገበያ ግጥም ወረቀት ማስጌጫ ከመሆን አላለፈም ነበር። ቢዊክና መሰሎቹ ያደረጉት ቦክስ የሚባለውን እጅግ ጠንካራ እንጨት ወስደው፣ ሣንቃውን ትተው፣ ልክ እንደ ሥጋ መክተፊያ ጉማጅ ወርዱን በተቆረጠው ገጽ ላይ መሥራት ነው። ይህ ገጽ ጭረት ስለሌለው ለመዳብ በሚያገለግለው ስል ብረት ወደፈለጉት አቅጣጫ ይቀረጻል። ከዚያ በኋላ ነገሩን ለእኛ ለመምህራን የሚያስረዳን ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። ምንም ያልተነካ እንጨት ቢታተም ወረቀቱ ጥቁር ይሆናል፤ መቅረጫው የነካው ሁሉ ነጭ ይወጣል። ቢዊክ እንግዲህ በጥቁር ላይ በነጭ የሚሥል ሰው ነበር። የሩቁ ተራራ ደብዘዝ እንዲል ሲፈልግም የእንጨቱን ገጽ በዚያ ቦታ በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ ይፍቀዋል፤ ማተሚያው ሲጫነው ቀለሙ ሳሳ ብሎ ይወርድለታል። ጥንካሬውን በተመለከተ፣ ለአንድ የኒውካስል ጋዜጣ የሠራው ቅርጽ በአታሚው ስሌት ከ900,000 ጊዜ በላይ ታትሟል። መዳብ ቢሆን ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ባለቀ ነበር።

ልምምዱን በ1774 ጨረሰ። ለተረት መጽሐፍ ከሠራቸው ሥዕሎች ጥቂቶቹ ለንደን ለሚገኘው የሥነ ጥበብ ማበረታቻ ማኅበር ተልከው የሰባት ጊኒ ሽልማት አስገኙለት። ገንዘቡን ይዞ የሄደው ወደ እናቱ ነው። በ1776 ክረምቱን በስኮትላንድ ተራሮች በእግሩ ሲዞር ከረመና በዚያው ዓመት ወደ ለንደን ወረደ። ለንደን ሥራ ሞልቷል፤ ደሞዙም ጥሩ ነው። ነገር ግን አልወደዳትም። አንዱ በወርቅ ሲያብድ ሌላው መንገድ ላይ ሲለምን ማየቱ አስጠላው፤ የወንዙ ናፍቆትም አላስቀምጥ አለው። ዓመት ሳይሞላው በ1777 ወደ ኒውካስል ተመለሰና ከቀድሞ ጌታው ከቤይልቢ ጋር ሸሪክ ሆነ። ከዚያም ወላጆቹ በ1785 እስኪሞቱ ድረስ በየሳምንቱ በእግሩ ቼሪበርን ድረስ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሲያገኘው በዋና ወይም በጀልባ፣ በበረዶም በጭቃም ያው ነው። በኋላ በሥዕሎቹ የምናያቸው መንገደኞች፣ ለማኞች፣ ውሾችና ጎርፎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ላይ የታዩ ናቸው።

ልጅ ሳለ ያነበበው አንድ የእንስሳት መጽሐፍ ነበር፤ ሥዕሎቹ እጅግ የከፉ፣ አንበሳውን ከውሻው ለመለየት የሚያስቸግሩ ዓይነት። ለወጣቶች ከዚህ የተሻለ መሥራት አለብኝ የሚል ሐሳብ ውስጡ ቀርቶ ነበርና በ1785 ጀመረው። የመጀመሪያውን ቅርጽ፣ የግመሉን ማለት ነው፣ በመሥራት ላይ ሳለ የአባቱ ሞት ተነገረው። ቀን ቀን የሱቁን ሥራ፣ ማንኪያውንና ደረሰኙን፣ ማታ ማታ እንስሳቱን እየሠራ አምስት ዓመት ፈጀበት። ጽሑፉን ቤይልቢ አዘጋጀው። መጽሐፉ በ1790 ወጣና ወዲያው ተሸጠ፤ ቢዊክ በሕይወት ሳለ ስምንት ጊዜ ታትሟል።

እውነቱን ለመናገር በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት እንስሳት እኩል አይደሉም። ፈረሱ፣ በጉ፣ የእረኛው ውሻ፣ ቀበሮው ሊራመዱ የደረሱ ይመስላሉ። ከተማዋን ከሚጎበኙት ተዘዋዋሪ የአራዊት ትርዒቶች ያያቸውም ደህና ናቸው። ከሌላ መጽሐፍ የተቀዱት ግን ደረቅ ይላሉ። ቀጭኔ በሕይወቷ እንግሊዝ አገር የገባችው በ1827 ስለሆነ ቢዊክ በ1790 ከየት አምጥቶ ያያታል? ያላየውን ሲሠራ እጁ ያስታውቅበታል፤ ይህ እኛን ቅር አያሰኘንም።

በዚሁ ጊዜ ገደማ፣ በ1789፣ ማርማዱክ ተንስታል የሚባል ባለጸጋ በቺሊንግሃም ግቢ የሚኖረውን ነጭ የዱር በሬ እንዲቀርጽለት አዘዘው። ቢዊክ በሬውን ለማየት ሄዶ ሊወጋው ሲመጣበት ሸሽቶ አመለጠ። ቅርጹን ግን እንደምንም ጨረሰው፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ምን ዋጋ አለው፣ ጥቂት ቅጂዎች ከወጡ በኋላ እንጨቱ ተሰነጠቀ።

ቀጥሎ ወፎቹ መጡ። በ1791 ሁለት ወር ያህል በተንስታል ቤተ መዘክር ተቀምጦ በገለባ የተሞሉ ወፎችን ሣለ፤ ሲጨርስም አልረካም። የሞተ ወፍ ቆዳ አቋቋሙ የሞተ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚችለውን ያህል ከሕይወት፣ አለዚያም አዲስ ከተገደለ ወፍ ላይ መሥራት መረጠ። ይህን የሰሙ አዳኞች፣ መርከበኞችና ገበሬዎች ከየአቅጣጫው ወፍ ይልኩለት ጀመር። የምድር ወፎቹ ቅጽ በ1797፣ የውኃ ወፎቹ በ1804 ወጡ። ላባው በእንጨት ተቀርጾ ለስላሳነቱ ለዓይን የሚታወቅ መሆኑ ዛሬም ያስደንቃል።

ከወፎቹ ይልቅ የሚወደዱት ግን በየምዕራፉ መጨረሻ፣ ባዶ በሚቀረው ቦታ የሰካቸው ትናንሽ ሥዕሎች ናቸው። መጠናቸው ከመዳፍ ያነሰ ነው። አንዱ ሰው የድልድይ ቀረጥ ላለመክፈል የላሟን ጅራት ይዞ ወንዝ ሲሻገር ባርኔጣው በውኃ ይወሰዳል፤ ባርኔጣው ከቀረጡ እንደሚበልጥ ማንም ይገባዋል። ዓይነ ስውሩን ውሻው ይመራዋል። ከጦርነት የተመለሰ ሽማግሌ ወታደር አጥንት ይግጣል፤ ውሻው ቁልቁል ያየዋል። ልጆች ከመቃብር ድንጋይ ላይ እንደ ፈረስ ተፈናጠው፣ በእንጨት ጎራዴ ይዋጋሉ። ቀልድ ነው ብለን ስንስቅ ቆይተን መጨረሻ ላይ የሚያስቀው ነገር ይጠፋብናል። ቢዊክ ጦርነትን፣ በእንስሳት ላይ የሚደርስ ጭካኔን፣ ድሃው ላምና ዝይውን የሚያሰማራበት የጋራ ግጦሽ በአጥር እየተከለለ ለባለ መሬት መሰጠቱን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበርና ይህን ሁሉ ከወፍ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል።

አሁን ደግሞ ስለ አንድ ጠብ እናውጋ። የ1797ቱ መጽሐፍ ሊወጣ ሲል ቤይልቢ ደራሲነቱ በስሙ በርዕስ ገጹ ላይ እንዲሠፍር ጠየቀ። ቢዊክ እምቢ አለ። ጽሑፉን ተቀምጠን አብረን አርመናል፤ ያለ ሥዕሎቹስ መጽሐፉ ምንድን ነው የሚል ነበር ነገሩ። ሽማግሌ ገባ። በመጨረሻ በርዕስ ገጹ ላይ የወጣው ቅርጾቹን የሠራው ቢዊክ መሆኑን የሚገልጸው ብቻ ሆነ። የሃያ ዓመት ሽርክናም በ1798 መባቻ ፈረሰ። ፍርዱ ለቢዊክ የተገባ ይመስለናል፤ ሆኖም የቤይልቢ ሐዘንም ይገባናል። ደግሞም ያው ቢዊክ ራሱ ተለማማጆች ነበሩት። ሮበርት ጆንሰን ግሩም የውኃ ቀለም ሣይ ነበር፤ በ1796 በወጣትነቱ ሞተ። ከትናንሾቹ ሥዕሎች አንዳንዶቹ ከሱ ንድፍ የተወሰዱ ናቸው። በሁለተኛው ቅጽ ካሉት ደግሞ ብዙዎቹን የቀረጸው ሉክ ክሌኔል ነው። የነዚህ ልጆች ስም በርዕስ ገጹ ላይ የለም። የዘመኑ ልማድ ነው፤ የሱቁ ሥራ የጌታው ሥራ ነው ይባላል። ቢሆንም ስለ ስሙ ከሸሪኩ ጋር የተጣላ ሰው ይህን አለማሰቡ ቅር ያሰኘናል። ሙያውን ግን አልሰሰተባቸውም። ክሌኔል፣ ቻርልተን ኔስቢትና ዊልያም ሃርቪ ከእጁ ወጥተው ለንደን ውስጥ ስም አተረፉ፤ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጋዜጣና መጽሐፍ ሁሉ ውስጥ የተሠራጨው በእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ነው።

ዝናው ከተስፋፋ በኋላ ተራውን ሥራ ትቶ ተቀመጠ ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የሱቁ የሒሳብ መዝገቦች ኒውካስል ውስጥ በቤተ መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ። ማኅተሙም፣ የብር ዕቃውም፣ የሱቅ ካርዱም ከወፎቹ ጋር ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። ከነዚህ መካከል የባንክ ኖቱ ሥራ ለብቻው የሚነሣ ነው። በዚያን ዘመን የባንክ ኖት አስመስሎ የሠራ ይሰቀል ነበር፤ ኖቱ ደግሞ ለማስመሰል የማያስቸግር ስለሆነ ብዙ ድሃ ለገመድ ተዳርጓል። ቢዊክ በኖቱ ላይ ሌላ እጅ ሊኮርጀው የማይችል ጥቃቅን የገጠር ሥዕል ቢቀረጽ ማስመሰሉ ይቀራል የሚል እምነት ስለነበረው ለካርላይል ከተማ ባንክ እንዲህ ያለ ኖት ሠርቷል። የራሱን የጣት አሻራ ቀርጾ እንደ ማረጋገጫ የተጠቀመበትም ጊዜ አለ።

በ1786 የኦቪንጋም ልጅ የሆነችውን ኢዛቤላ ኤልየትን አግብቶ አራት ልጆች ወልደዋል። በ1812 በጽኑ ታመመ፤ ሲያገግም ከልጅነቱ ጀምሮ ይመኘው የነበረውን የኤዞፕን ተረቶች ጀምሮ በ1818 አወጣ። ከ1822 ወዲህ ደግሞ ለልጁ ለጄን ብሎ የሕይወት ታሪኩን ጻፈ፤ የታተመው ግን ከሞተ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1862 ነው። የአሜሪካን ወፎች የሣለው ኦዱቦን በ1827 ኒውካስል ድረስ ሄዶ ሽማግሌውን ጎበኘው። በ1830 አንድ የዳክዬ ዘመድ የሆነ ነጭ የውኃ ወፍ በስሙ ተሰየመለት። ሻርሎት ብሮንቴም በ1847 ባወጣችው ጄን ኤር በተባለው ልቦለድ መጀመሪያ ላይ፣ ዘመድ ቤት የምትንገላታውን ወላጅ አልባ ልጅ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጣ በእጇ ላይ ያደረገችላት መጽሐፍ የቢዊክን ወፎች ነው።

የመጨረሻ ሥራው ትልቅ ነበር፤ ለሱ ልማድ በጣም ትልቅ። አንድ ያረጀ ፈረስ፣ አጥንቱ ተቆጥሮ፣ ማንም ሳይኖርበት ዝናብ ላይ ቆሞ ሞቱን ሲጠብቅ ያሳያል። ቢዊክ ያሰበው በርካሽ ታትሞ በገጠር ጎጆዎች ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍና ሰዎች ለእንስሳት እንዲራሩ ነው። በ1828 የሙከራ ኅትመቱን ካየ ከጥቂት ቀናት በኋላ ታመመ። ኖቬምበር 8 ቀን በሰባ አምስት ዓመቱ ሞተና በኦቪንጋም፣ ሚስቱ ባረፈችበት፣ ልጅ ሆኖ በጠመኔ ይሥልበት በነበረው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። ፈረሱ ሳይጠናቀቅ ቀረ።